ባዶ የሚመለስ ምሳ ዕቃ

«አፍንጫ» አሉ ሚስተር ራኦ። «አፍንጫ ብቻ።»

ከፊት ወንበር ሙሐዲን በአፍንጫው ሲያነፈንፍ ክፍሉ በሳቅ ተንጫጫ። ህንዳዊው የሂሳብ መምህር አልተቆጡም። ጠመኔያቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው፣ እጃቸውን አቆላልፈው፣ ሳቁ እስኪያልቅ ቆሙ። ዘጠነኛ «ለ» ክፍል ውስጥ ከሂሳብ በፊት ሁለት ደቂቃ ዓይን ጨፍኖ መቀመጥ ከተጀመረ ሁለት ወር ሊሞላው ነው። የተጀመረው በአንድ ሳምንት ውስጥ አራት ወንበሮች ባዶ የሆኑ ጊዜ ነበር። ስለ ወንበሮቹ ማንም ምንም አላለም። ሚስተር ራኦም አላሉም፤ ብቻ በማግስቱ ገብተው ተማሪውን ሁሉ «ቁጭ። ትንፋሽ ቁጠር» አሉት።

«ሚስተር፣ ይኼ ነገር የእናንተ አገር ጸሎት ከሆነ በእኔ ሐራም ነው» አለ ሙሐዲን።

«ጸሎት የለም። እግዜር የለም፣ አላህ የለም፣ ማርክስ የለም። አፍንጫ ብቻ።»

ሳቁ ቀጥ አለ። የክፍል አለቃው ደበበ ብድግ ብሎ በሩን ዘጋው። በዚያ በ1970 ዓ.ም. ጅማ ውስጥ ከዚህ ባነሰ ቃል ሰው ከቤቱ ይወሰድ ነበር። ሚስተር ራኦ ያሉት ነገር ገብቷቸው ይሁን ሳይገባቸው አይታወቅም፤ ፊታቸው እንደሆነ እንደ ጥቁር ሰሌዳው ነው፣ ካልተጻፈበት አይነበብም።

«ሐሳብ ይመጣል። አትያዝ። አትግፋ። ያለምወርቅ፣ ዓይን ጨፍን።»

የሚስተር ራኦ አማርኛ ሴትና ወንድ አይለይም። ያለምወርቅ ጨፈነች። አንድ ብላ ተነፈሰች። ሁለት። ሦስት ላይ ሳትደርስ እንደ ሁልጊዜው የእስር ቤቱ በር መጣ፣ ከበሩ ጋር ዘበኛው፣ ከዘበኛው ጋር ያ ድምፁ። ዓይኗን ገለጠች። ሁለቱን ደቂቃ በሙሉ የሙሐዲንን ማጅራት ስታይ ጨረሰች።

ወንድሟ አብተው ከተያዘ ጀምሮ የስንቅ ነገር የእሷ ሥራ ነበር። እናቷ ወይዘሮ ንግስት ከጠዋት እስከ ማታ ቡና መጋዘን ተቀምጠው የተበላሸ ቡና ይለቅማሉ። አባቷ አቶ ዘለቀ ድሮ ሞተዋል። ስለዚህ እናት ሌሊት ተነስተው ያበስላሉ፤ ልጅ ምሳ ሰዓት ላይ ባለ ሁለት ደርቡን ምሳ ዕቃ ይዛ እስር ቤቱ በር ላይ ትሰለፋለች። እስረኛ ማነጋገር ክልክል ነው። ደብዳቤ ክልክል ነው። ሙሉ የገባው ምሳ ዕቃ ባዶ ሆኖ ሲመለስ፣ ያ ነው ሰላምታው። እናቷ ባዶውን ሳያዩ እህል አይቀምሱም ነበር። ክዳኑን ከፍተው ውስጡን በጣታቸው ይዳብሱና «በልቷል» ይላሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው ለራሳቸው የሚቆርሱት።

ዐቢይ ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት ዘበኛው ስሙን ሲሰማ ወረቀቱን አየ።

«አብተው ዘለቀ? ለእሱ ከእንግዲህ አታምጪ።»

«የት ወሰዳችሁት?»

«አታምጪ አልኩሽ!»

ሰልፉ ውስጥ ያሉት ሴቶች ወሬው እንዳይነካቸው የፈሩ ያህል ፈንጠር አሉ። አንዷ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ወተፈች። ያቺ ቃል ምን ማለት እንደሆነች የማያውቅ አልነበረም፤ እዚያ በር ላይ ማልቀስም እንደማይፈቀድ የማያውቅ አልነበረም። ያለምወርቅ እግሯ ወደመራት ሄደች። እናቷ ማታ ሲገቡ ልትነግራቸው ነበር፤ አፏን ልትከፍት ነበር። እሳቸው ግን ጣታቸው በቡና አቧራ እንደጠቆረ ደጃፉ ላይ ዘፍ አሉና «አደረስሽ?» አሏት።

«አዎ» አለች።

ያቺ አንዲት «አዎ» ይኸው ስድስት ሳምንት ሆናት።

*

ፈድሊያ እስር ቤቱ በር አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃት ነበር። የሰርቦ ልጅ ናት። አባቷ ሸኩር የቡና ነጋዴ ናቸው፤ ቡና ደብቀዋል ተብለው ከታሰሩ ወዲህ እሷ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር አክስቷ ቤት አርፋለች። የአክስቷ ባል ፈሪ ነው፣ እስረኛ ለሚባል ሰው በቤቱ ድስት እንዲጣድ አይፈልግም። ስለዚህ ፈድሊያ የምታመጣው አንድ ቀን የተቀቀለ ድንች ነው፣ አንድ ቀን ደረቅ ዳቦ። ያን ቀን ዘበኛው ያለምወርቅን ሲመልሳት ከሰልፉ ወጥታ የተከተለቻት እሷ ብቻ ነበረች። ምንም አላጽናናቻትም። ምሳ ዕቃውን አይታ «አባኮ ከትናንት ወዲያ ነው የበላው» ብቻ አለች። «አባቴ» ማለቷ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ በሸኩር ስም እየገባ፣ ምሳ ዕቃው ባዶውን ይወጣል። ያለምወርቅ ለእናቷ የምታሳየው ባዶ ምሳ ዕቃ እውነተኛ ነበር፤ የበላው ሰው ብቻ ሌላ ነበር።

«ምንድነው ዛሬ?» አለች ፈድሊያ።

«ክክ።»

«ገለቶሚ» ስትል አመሰገነቻት። «ባለፈው ክኩን ወዶታል መሰለኝ፣ ወላሂ ምሳ ዕቃውን ልሶታል።» ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «ስሚ፣ ጾማችሁ መቼ ነው የሚያልቀው?»

«እሁድ ፋሲካ ነው።»

«እና እናትሽ ሥጋ ልትሠራ ነዋ?»

ያለምወርቅ ክፉኛ ደነገጠች። ስድስት ሳምንት ሙሉ ይህን አላሰበችውም። ጾሙ ነው የደበቃት፤ የጾም ምግብ ክርስቲያኑም እስላሙም ይበላዋል። ዶሮ ግን ሌላ ነው።

«አባኮ የክርስቲያን ሥጋ አይበላም» አለች ፈድሊያ። «ይሙት እንጂ አይበላም።»

«አውቃለሁ።»

«ሽሮ ሥሪለት በያት ኤጋ! አንድ ነገር ፍጠሪ! ስትፈጥሪ አይደል የከረምሽው?»

ያለምወርቅ ምሳ ዕቃውን አቀበለቻት። ይህን ስድብ ሌላ ሰው ቢሰድባት ትጣላ ነበር።

*

በማግስቱ ክፍሉ ባዶ ሲሆን ሚስተር ራኦ ሰሌዳውን እያጠፉ አገኘቻቸው።

«ሚስተር፣ እርስዎ ይሄዳል ይላሉ። እኔ ጋ የሚመጣው አይሄድም። ስድስት ሳምንት ሙሉ አንድም ቀን አልሄደም።»

«ምን ይመጣል?»

የደብተሯን ጫፍ ማጠፍ ጀመረች። ሚስተር ራኦ በሩን አዩት፤ ከዚያ ባዶዎቹን አራት ወንበሮች አዩ።

«እሺ። አትናገር፤ ጥሩ ነው። ስንት ትቆጥራለህ?»

«ሁለት። ሦስት ሳልደርስ ዓይኔን እገልጣለሁ።»

«አዎ። እኔ አያለሁ። ሁሉ ቀን ሁለት ላይ ትሮጣለህ።» ጠመኔ የነካው ጣታቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ። «ውሸት ከሆነ ይሄዳል። እውነት ከሆነ አይሄድም። አንተ መሮጥ ታቆማለህ። ያ ብቻ።»

«እና ይሻለኛል?»

ሚስተር ራኦ እንደ ሂሳብ ጥያቄ አሰቡበት።

«አይ» አሉ። «ግን እግር ያርፋል።»

ያለምወርቅ ተናዳ ወጣች። ለዚህ ለዚህማ ባልጠየቀች ነበር።

*

ቅዳሜ እናቷ ለፋሲካ ብለው ሲያሳድጉት የከረሙትን ቀይ አውራ ዶሮ እግሩን ጠፍረው ደጃፉ ላይ አስቀምጠዋል። ዶሮ የሚያርደው አብተው ነበር፤ አሁን የጎረቤቱ አቶ ወልደሰማያት እስኪመጡ ይጠብቃሉ።

«እማዬ» አለች ያለምወርቅ ሽንኩርት እየላጠች፣ «ለአብተው ሽሮ ብትልኪለት አይሻልም? ሆዱ በጾም ከርሞ ቅባት ሲያገኘው ይታመማል።»

«ምን አልሽ?»

«አይ፣ ብዙዎቹ ሽሮ ነው የሚልኩት...»

«ልጄ በፋሲካ ሽሮ ይብላ?» ንግስት ማማሰያቸውን አስቀመጡ። ድምፃቸው አልጮኸም፤ ቢጮኽ ይሻል ነበር። «ይኼ ቤት ወንድ ያለው ቤት ነው። ፈረሰኛው የእሱ ነው። አንቺ ማድረስ ከሰለቸሽ እኔ እሄዳለሁ። ነገ እኔ ራሴ እሄዳለሁ።»

«አልሰለቸኝም!»

«ቀበሌ ስብሰባ ባይጠሩን ኖሮ እሄድ ነበር። በፋሲካ ቀን ስብሰባ! ሆን ብለው እኮ ነው።» እንደገና ማማሰል ጀመሩ። ትንሽ ቆይተው ለራሳቸው የሚያወሩ ይመስል «ሁለት እንቁላል አደርግለታለሁ» አሉ። «አንዱን ለጓደኛው ይስጥ።»

ያለምወርቅ ሽንኩርቱ እንዲያስለቅሳት ተወችው። ለማልቀስ ፈቃድ የማያስፈልገው እዚያ ብቻ ነበር።

*

እሁድ ሰልፉ አጭር ነበር። ምሳ ዕቃው ይተኩሳል፤ የወጡ ሽታ ከክዳኑ ሾልኮ ከፊቷ የቆሙትን ሁሉ አንገታቸውን ያዞራቸዋል። ፈድሊያ በጨርቅ የተጠቀለለ ድንች ይዛ ድንጋዩ ላይ ተቀምጣለች።

«ዶሮ ነው» አለች ሳትጠይቅ።

«ዶሮ ነው።»

«አንቺ ብዪው በቃ! ቁጭ በይና ጨርሺው፣ እኔ እከልልሻለሁ። አለበለዚያ አዌቱ ወንዝ ድፊው። ማን ያያል?»

ያለምወርቅ ድንጋዩ ላይ ከጎኗ ተቀመጠች። ምሳ ዕቃውን ጭኗ ላይ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። ለምን እንደጨፈነች እሷም አታውቅም፤ ደክሟት ይሆናል። አንድ። ቀድሞ የመጣው የድልህና የቅቤ ሽታ ነው። ሁለት። በሩ መጣ። ዘበኛው መጣ፣ ወረቀቱን አየ፣ አታምጪ አላት። ሌላ ጊዜ ዓይኗን የምትገልጠው እዚህ ላይ ነበር። አልገለጠችም። ሦስት። ከዘበኛው በኋላ የሚመጣውን አይታው አታውቅም ነበር፤ አብተው ሆኖ መጣ። የወሰዱት ጠዋት ሸሚዙን አዛንፎ ቆልፎት ነበር፤ ልታስተካክልለት እጇን ስትዘረጋ ወታደሩ ገፋት። አልያዘችውም። አልገፋችውም። አራት። አብተው ሞቷል። በሆዷ እንኳ ይህን ከዳር እስከ ዳር ብላው አታውቅም ነበር። ዓረፍተ ነገሩ ሁለት ቃል ብቻ ነበር፤ ስድስት ሳምንት ስትሸሸው የከረመችው።

ዓይኗን ስትገልጥ በሩ እዚያው ነው፣ ዘበኛው እዚያው ነው፣ ጭኗ ከምሳ ዕቃው ሙቀት የተነሳ ያቃጥላታል። ምንም አልቀለላትም።

«እህ?» አለች ፈድሊያ። «ትበያለሽ ወይስ ትደፊያለሽ?»

«ወደ ቤት እወስደዋለሁ።»

«ሙሉውን?» ፈድሊያ እጇን ያዘቻት። «ያ ረቢ! ባዶውን ካላየች እህል አትቀምስም አላልሽኝም? ትሞትብሻለች እኮ!»

«አውቃለሁ።»

«እና እኛስ? አባኮስ?»

ይህ ከሁሉም ከባዱ ጥያቄ ነበር። «ነገ እመጣለሁ» አለች ያለምወርቅ። «እናቴ ካበሰለች ለአባትሽ ብላ እያወቀች ታበስላለች። ካላበሰለች እኔው ድንች እቀቅላለሁ። ለአብተው ተብሎ ግን ከእንግዲህ አይገባም።»

ፈድሊያ እጇን ለቀቀቻት። ተቆጥታ ይሁን አዝና ሳይለይ ድንቿን ይዛ ሰልፉ ውስጥ ገባች።

ያለምወርቅ አልሮጠችም። ወደ አዌቱ የሚወርደው መታጠፊያ ጋ ስትደርስ እግሯ ትንሽ ዘገየ፤ ከታች ውሃው ይሰማል፣ ሰው የለም። አለፈችው። የፋሲካ ልብስ የለበሱ ልጆች ኳስ ሲያባርሩ አቋርጠዋት ሮጡ። ምሳ ዕቃው እየቀዘቀዘ ሄደ፤ ክብደቱ ግን ያው ነበር።

እናቷ ከስብሰባ ተመልሰው፣ ነጠላቸውን እንኳ ሳያወልቁ ደጃፉ ላይ ቆመዋል። ቤት ውስጥ ለሁለት ሰው የቀረበ እንጀራ አለ፤ አልተነካም።

«በላ?» አሉ ከሩቅ። «እንቁላሉንስ በላ?»

መልስ ሳይጠብቁ እንደ ወትሯቸው በአንድ እጅ ሊቀበሏት እጃቸውን ዘረጉ፤ ባዶ ዕቃ ለመቀበል የሚዘረጋ እጅ ነበር። ሲይዙት ክብደቱ እጃቸውን ወደ ታች ሳበው። ቀና ብለው ልጃቸውን አዩ።

ያለምወርቅ ምሳ ዕቃውን ከሥር በሁለት እጇ ደግፋ ያዘች። ዓይኗን ከእናቷ ዓይን አላነሳችም።

«እማዬ» አለች። «ነይ ቁጭ እንበል።»