የራስ ምታቱ ዱቄት

በ፲፱፻፳፮ ዓመተ ምሕረት፣ በግንቦት ወር መግቢያ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ከተማይቱን ለሁለት የሚከፍላት ወንዝ ገና ሳይሞላ፣ አዲሱ የድንጋይ ድልድይ ተፈጸመ፤ አገረ ገዢውም መርቀው ሊከፍቱት ቀን ስለ ቆረጡ ባለሱቁ ሁሉ በሩን ቀለም ይቀባ፣ ዘበኛውም የኮቱን የነሐስ ቁልፎች ይወለውል ጀመር። ከድልድዩ ራስ ባለው መድኃኒት ቤት ግን ቀለም የገዛ አልነበረም። የባለቤቱ፣ የሽማግሌው መድኃኒት ቀማሚ፣ ሐሳባቸው ሌላ ነበር።

ቀማሚው ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ያለቻቸው አንዲት ሴት ልጅ ናት። ልጅቱን ከሕፃንነቷ ጀምሮ የሚጥል በሽታ ይዟታል፤ አባቷም በየማታው አንድ ጥቅል ነጭ ዱቄት በውኃ እየበጠበጡ አጠጥተው በሽታውን ለዓመታት አስታግሰውት ኖረዋል። የቴሌግራፍ ሹሙ ሽማግሌ በላከባት ጊዜ ግን ተጨነቁ። እንዲህ ያለውን በሽታ ሰምቶ ማን ያገባታል? ደንበኞቻቸውን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያሉ ሲገሥጹ የሚውሉት ሰው፣ በልጃቸው ጥቅሎች ላይ በገዛ እጃቸው «ለራስ ምታት» ብለው ጻፉና ዳሯት። አባት ለልጁ ሲል የማይሆነው የለም።

ትዳሩ ሰመረ፤ ልጅቱም ፀነሰች።

አማቷ አዋላጅ ነበሩ፤ የከተማው ሕፃን ሁሉ በእጃቸው ያለፈ፣ ቀልድ የሚያውቁ፣ በነፍሰ ጡር ግን የማይቀልዱ ሴት። ያገኙትን ሁሉ ከሚውጡ እናቶች ሆድ ምን እንደሚወጣ በዓይናቸው አይተዋል። ስለዚህ ጥቅሎቹን ከምራታቸው መሳቢያ ባገኙ ጊዜ በመሐረብ ቋጥረው ወደ መድኃኒት ቤቱ ገሠገሡ፤ ቤቱም በደንበኛ ተሞልቶ ነበር።

«ይህ የእርስዎ እጅ ነው?» አሉ ቋጠሮውን ፈትተው።

«የእኔ ነው እሜቴ። በየማታው ትውሰደው፤ እንዳታቋርጥ» አሉ ቀማሚው።

«ለራስ ምታት? እኔ ራሴን በሻሽ ጠፍሬ ስንቱን ወልጃለሁ! እስቲ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ይህ ዱቄት ጽንስ አይጎዳም?»

ቀማሚው በዚህ ነገር ከሐኪም ጋር መክረዋል። ዱቄቱ ጨርሶ ጉዳት የለውም ማለት አይቻልም፤ በድንገት ቢቋረጥ የሚመጣው መውደቅ ግን ለእናትም ለልጅም ይብሳል፤ ሐኪሙም መጠኑን ቀንሶ፣ እየተከታተላት፣ «በራስሽ እንዳታቋርጪ» ብሏት ነበር። ይህ ሁሉ ከምላሳቸው ጫፍ ደርሶ ነበር። ደንበኛው ግን ጆሮውን አቁሟል፤ ከመካከሉም የቴሌግራፍ ቤቱ ጸሐፊ አለበት።

«ጨርሶ አይጎዳም ብዬ አልምልም፤ ነገር ግን ትውሰደው» አሉ በዝግታ።

«እንግዲህ እርስዎ ካልማሉ፣ ራስ ምታት ሰው አይገድልም፤ እስክትወልድ ትቻለው» ብለው አዋላጇ ቋጠሯቸውን ይዘው ወጡ። በእውነት ለራስ ምታት ቢሆን ኖሮ፣ ልክ ነበሩ።

ማምሻውን ልጅቱ መጣች።

«አባዬ፣ እማማ መድኃኒቴን ምድጃ ውስጥ ጨመሩት።»

«ሌላ እሰጥሻለሁ፤ ደብቀሽ ዋጪ።»

«የት ልደብቀው? የቤቱ ቁልፍ ሁሉ እሳቸው እጅ ነው። አሁንም ተደብቄ ነው የወጣሁት። እውነቱን እንንገራቸው።»

«ያፋቱሻል ልጄ! ምርቃቱ ይለፍ፤ በማግስቱ ራሴ መጥቼ እነግራቸዋለሁ። እስከዚያ ሆድ ይፍጀው።»

«ፈርቻለሁ አባዬ» አለች። እሳቸውም ፈርተው ነበር፤ ግን አልነገሯትም። የዚያን ማታ መድኃኒቷን በእጃቸው አጠጥተው ሸኟት።

ከዚያ ወዲያ ሦስት ማታ ያለ መድኃኒት አለፈ። የምርቃቱ ዕለት መለከት ተነፋ፤ ወታደሩ ተሰለፈ፤ አገረ ገዢውም ከሠረገላ ወርደው ሪባኑን ቆረጡ። የቴሌግራፍ ሹሙ ሚስት ከሹማምንት ሚስቶች ጋር በድልድዩ ደረጃ ላይ ቆማ ነበር። በጭብጨባው መካከል አንድ ጊዜ ጮኸች፤ ወዲያው ተዝለፍልፋ በሆዷ ከድንጋዩ ላይ ወደቀችና ትንዘፈዘፍ ጀመር። ቀማሚው ሰውን ገፍተው ደረሱ፤ በጎኗ አስተኝተው ኮታቸውን ከራሷ ሥር አነጠፉ። አዋላጇ ያንን የለመደ እጅ አዩ፤ ያን ጊዜ ሁሉም ገባቸው።

ልጅቱ ተረፈች። ሕፃኑ ግን በዚያው ማታ ያለጊዜው ተወለደ፤ ወንድ ነበር፤ በአያቱ እጅ ላይ ሳይተነፍስ ቀረ።

አዋላጇ እጃቸውን ታጥበው ሲወጡ ቀማሚው ከደጅ ቆመው ነበር።

«የሚጥል በሽታ ነው?»

«ነው፣ እሜቴ።»

«ቢነግሩኝ በገዛ እጄ አጠጣት ነበር» አሉ አዋላጇ። «እኔ እኮ የጻፉትን ነው ያመንሁት።»



የከተማይቱ ታሪክ ጸሐፊ ስለዚያ ቀን ሲጽፍ የድልድዩን ርዝመትና የአገረ ገዢውን ንግግር አልዘነጋም፤ «በዓሉም ያለ አንዳች ጉዳት ተፈጸመ» ብሎ ደመደመ። ቀማሚው ከዚያ ወዲያ የበሽታውን ስም እንዳለ ሳይጽፉ ጥቅል አልሰጡም፤ አንዲትም ሴት «ነፍሰ ጡር ነሽ ወይ?» ሳትባል ከደጃቸው መድኃኒት ይዛ አልወጣችም፤ ሰውም ይህን ከእርጅና ንዝንዝ ቈጠረው። ደንበኛ ይገሥጹባት የነበረችውን ያችን የጥንት ተረታቸውን ግን ዳግመኛ ከአፋቸው የሰማ የለም።