የኋላው ግራ ፍሬን

በታላቅ ሐዘን እናስታውቃለን፦ የሽማግሌው የባይ ስታመን አሮጌ ላዳ የኋላ ግራ ፍሬን፣ ለረጅም ዘመን በታማኝነት ሲያገለግል ኖሮ፣ ቅዳሜ ጠዋት ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል። አስከሬኑ የሚገኘው መካኒኩ ስቪለን ጋራዥ ነው። በሮዶፒ ተራራ ሥር የምንኖር ሰዎች ለሟች ሁሉ እንዲህ ያለ ማስታወቂያ በየግንቡ እንለጥፋለን፤ ለፍሬን የሚለጥፍ ግን ስለጠፋ እኔ ጻፍኩለት።

የባይ ስታመን ልጅ ኔቬናም ሐዘን ላይ ነበረች፤ ለፍሬኑ ግን አልነበረም። ራቅ ባለችው ቡርጋስ ከተማ ፋርማሲ ውስጥ ሥራ አግኝታለች። ፍሬኑ እንደተሠራ ላዳውን ራሷ እየነዳች ትሄዳለች።

በጸደይ ስቪለን አንድ ጠርሙስ ራኪያ፣ የአገሩን አረቄ፣ ይዞ ለጋብቻ ሊጠይቃት ቤታቸው መጥቶ ነበር። ባይ ስታመን «ልጄን ያስተማርኳት መኪና ሥር ለሚተኛ ሰው ነው?» አሉት። ኔቬና ስቪለንን አየችው። አንድ ቃል እንዲናገር ጠበቀች። እሱ ቆቡን አንስቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አላናገረችውም።

አሁን አባትና ልጅ ቆመው እያዩት ስቪለን የፍሬኑን ክዳን፣ ታምቡሩን፣ ሲያወልቀው ፍሬን ሸራው በዘይት ርሷል። ሲሊንደሩ አርጅቶ ያፈስ ነበር።

«ግራውን ብቻ ቀይረው» አሉ ባይ ስታመን። «የታመመው እሱ ነው።»

«ሁለቱንም ነው የምቀይረው። አለዚያ ልጅዎ ፍሬን ስትይዝ መኪናው ወደ ጎን ይወስዳታል።»

ሽማግሌው እያጉረመረሙ ሲጋራቸውን ሊያጨሱ ወጡ። ኔቬና ወደ መኪናው ጠጋ አለች።

«ዕቃው አልተገኘም ብትል ምን ነበረበት?» አለች ኔቬና ድንገት። «ሌላ ሰው ቢሆን እኮ ቢያንስ አንድ ሳምንት ይዋሽ ነበር።»

ስቪለን ቀና አላለም። የዛገውን የቧንቧ ብሎን ቀስ አድርጎ እየፈታ «የመንደራችንን ቁልቁለት ታውቂዋለሽ፤ ያለ ፍሬን አይወረድም» አለ።

«የምትለኝ ይህንኑ ነው?»

«ይህንኑ ነው።»

ዐይኗ እንባ አቀረረ። «እንግዲያው ቶሎ ጨርስልኝ።»

ጨረሰ። ሁለቱም አዳዲስ ሲሊንደሮች ገቡ። የቀረው ከቧንቧው አየር ማስወጣት ነው፤ ይህ ደግሞ ብቻውን የተፈጠረ ሰው የሚሠራው ሥራ አይደለም። አንዱ ብሎኑን ሲከፍት ሌላው ፔዳሉን መርገጥ አለበት። ኔቬና መሪው ጋ ተቀመጠች።

«ርገጪ» አለ ከሥር። ረገጠች። «ያዢ።» ያዘች። በቀጭኑ ላስቲክ ዘይቱ ከነአረፋው ወደ ባዶ የማርማላታ ጠርሙስ ወረደ። ብሎኑን አጠበቀ። «ልቀቂ።»

ከጸደይ ወዲህ ይህን ያህል አውርተው አያውቁም።

መጀመሪያ በንዴት ነበር የምትረግጠው። ቀስ በቀስ የእሱ ድምፅ ለሰለሰ፤ የእሷም እግር። በመስተዋቱ የሚታያት የተቀዳደደ ጫማው ብቻ ነው፤ እሱን ስታይ ቆየች። ዘይት ሊጨምር ብድግ ሲል ዐይን ለዐይን ይጋጫሉ፤ ሁለቱም ሌላ ነገር እንደሚፈልግ ሰው ወዲያ ያያሉ።

«ደከመሽ?»

«ኧረ አልደከመኝም።»

«ርገጪ እንግዲህ።»

ፔዳሉ ከእግሯ ሥር እንደ ድንጋይ ጠንክሯል። አሁንም ረገጠች።

ባይ ስታመን ተመልሰው መጡና ጎንበስ ብለው ጠርሙሱን አዩ።

«አንተ ልጅ! አረፋው ካለቀ ቆየ እኮ! ንጹሑን ዘይት መሬት ላይ እያፈሰስክ ነው!»

ሽማግሌው ወደ መሪው ዞሩ።

«አንቺስ፣ ፔዳሉ ሲጠነክር አልታወቀሽም?»

«ታውቆኛል፣ አባባ።»

«ታዲያ?»

ኔቬና አባቷን ትታ ወደ ኋላ ዞረች። «ስቪለን፣ ልልቀቅ?»

«ያዢ።»

ያዘች።

«ምን ልትሆን ነው የምትይዘው?» ጮኹ ሽማግሌው። «ፍሬኑ ተሠርቶ የለም እንዴ? ንገረኝ እንጂ! ለምን?»

ስቪለን ከሥር ወጣ። እጁን በጨርቅ ጠረገና ባይ ስታመንን ፊት ለፊት አያቸው።

«ለእርስዎ አልናገርም፤ እሷ ታውቀዋለች።»