ጋቢዬን ያየው አውሮፕላን

እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ይህን አስቀድማችሁ ያዙልኝ፣ ሰፈር ውስጥ አንዱን ልጅ ቡዳ በላው ሲባል «ወስፋት ነው፣ ጤና ጣቢያ ውሰዱት» የምለው እኔ ነኝ፣ ጣራ ላይ ጅን ተራመደ ሲባል መሰላል ለምኜ ወጥቼ ድመቷን ይዤ የወረድኩትም እኔው ነኝ፣ ባለቤቴ አስካለ «የአንተ ልብ መቼ ይሆን የሚለሰልሰው» እያለች ስንት ሱባኤ ገብታልኛለች። ደግሞ የዚህ ዓይነት ወሬ ሁሌ የሚሆነው በእኩለ ሌሊት ነው፣ ሰውየውም ሁሌ ትንሽ ቀምሶ ነው። የእኔው ግን ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ሆነ፣ ፀሐይዋ ዓይኔ ውስጥ ናት፣ ጉንፋን ይዞኝ ኪኒን ስለምወስድ ሳምንቱን ሙሉ ጠብታ አልቀመስኩም። እንግዲህ ፍረዱኝ።

ወጣት ሳለሁ አዋሽ ዳር በአንድ የጥጥ እርሻ ባንዲራ ያዥ ነበርኩ። የዛሬ ልጆች ምን ማለት እንደሆነ አያውቁም፣ አንድ ሰው ብቻ የሚይዝ ቢጫ የመድኃኒት መርጫ አውሮፕላን ነበረን፣ ሆዱን በፀረ ተባይ ሞልቶ ጥጡን ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው ዝቅ ብሎ ይበራል፣ ታዲያ አብራሪው የረጨውንና ያልረጨውን በምን ይለያል? ዛሬ መሣሪያ ይነግረዋል አሉ፣ ያኔ የምነግረው እኔ ነበርኩ። ከማሳው ጫፍ ቆሜ ነጭ ጨርቅ ከራሴ በላይ ወደ ቀኝ ወደ ግራ አወናጭፋለሁ፣ እሱ እኔን አነጣጥሮ ይመጣል፣ አናቴን ሊላጨኝ ትንሽ ሲቀረው ሽቅብ ይላል፣ እኔ ሃያ እርምጃ ወደ ጎን ቆጥሬ እንደገና አወናጭፋለሁ። ነጭ ጨርቅ ካየ ይመጣል፣ ሕጉ ይኸው ነው። ከወረደብኝ መድኃኒት ብዛት፣ እመኑኝ፣ እስከ ዛሬ ቁንጫ እኔን ዘላ አስካለን ነው የምትነክሰው።

አንድ ቀን ይኸው አውሮፕላን ጥንብ አንሳ ገጭቶ ግራ ክንፉ ተቀደደ፣ መለዋወጫ የለም፣ የጋራዡ ሰዎች ከሥር በኩል በምግብ ዘይት ቆርቆሮ ጣፉት፣ የሱፍ አበባው ሥዕል እንኳ እንዳለ ነበር። በኋላ ጦርነቱ መጣ፣ ወታደሮች መጡና የመርጫውን ቱቦ ፈትተው ከክንፉ ሥር የቦምብ መስቀያ ገጠሙለት፣ ከጭራው ጀምረው አረንጓዴ ሲቀቡት ቀለም አለቀባቸው መሰለኝ፣ ከወገቡ ወዲህ ቢጫ እንደሆነ ይዘውት ሄዱ። የእርሻ ዕቃ ጦር ሜዳ ምን ይሠራል አትበሉኝ፣ ሆድ እንደሆነ የጫኑበትን ነው የሚጥለው። ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም፣ የት ደረሰ ብለን ስንጠይቅ አለቃችን ስለ ጥጥ ዋጋ ማውራት ጀመረ። እኔም ሐረር ገባሁ፣ መዝገብ ቤት ሠርቼ ጡረታ ወጣሁ፣ ረሳሁት።

አሁን ወደ ሐጂ ዩስፍ ልምጣ። ሐረር አቦከር ሰፈር ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ናቸው፣ ጀጎል የተወለዱ ሐረሪ፣ በዕድሜም በክርክርም ይበልጡኛል። ከከተማው አጠገብ ሐኪም ከሚባለው ጋራ ግርጌ ቁራሽ መሬት አለቻቸው፣ በዙሪያቸው ያለው ሁሉ ቡናውን ነቅሎ ጫት ሲተክል እሳቸው አሥራ አንድ እግር ቡና አልነቅልም ብለው ከልጆቻቸው ጋር ተኳርፈው ይኖራሉ። «አባቴ በእጁ የተከለውን እኔ በእጄ ልንቀል?» ይላሉ፣ ከዚያ በኋላ ክርክር የለም።

ባለፈው ዓመት በጋ ነው፣ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ብቻቸውን እንዳይሆኑ ብዬ አብሬያቸው በባጃጅ ወረድኩ፣ ለጉንፋኑ ነጭ ጋቢዬን ደርቤያለሁ። ቡናው ሥር ተቀምጠን ከቴርሞስ ሻይ እየጠጣን፣ እሳቸው ስለ ልጆቻቸው እያማረሩ፣ እኔ እያስነጠስኩ ሳለ ጭስ ሸተተን። ከላይ አንዱ ገለባ ሲያቃጥል እሳቱ በንፋስ አምልጦት ኖሯል፣ ደረቁ ሣር ተያይዞ እሳቱ ጋራውን እየበላ ወደ እኛ ይወርዳል። እንነሳ አልኳቸው፣ አልነሳም አሉ። ጉልበታቸው እምቢ ብሎ ይሁን ልባቸው እምቢ ብሎ ዛሬም አላውቅም፣ አንተ ሂድ፣ እኔ ከአባቴ ቡና ጋር ነኝ ብለው ጆንያ ራሳቸው ላይ ጣሉና መሬት ተኝተው ቁርዓን መቅራት ጀመሩ።

ልሸከማቸው ሞከርኩ፣ ሦስት እርምጃ ሄደን ሁለታችንም ተዘረርን፣ ሐጂ ሲያዩአቸው ቀጭን ናቸው እንጂ የበርበሬ ኩንታል ናቸው። እሳት አደጋ ደወልኩ፣ ሰውየው በጣም ትሑት ነው፣ ስንት ቁጥር ቀበሌ እንደሆነ እንድነግረው ለመነኝ። እሳቱ የጎረቤት ጫት ጋ ደርሷል፣ ሙቀቱ ፊቴን ይለበልበኛል፣ አርባ ዓመት ለአንድ ቀን ያልተለያየሁትን ሰው ጥዬ ብሮጥ ባለቤታቸውን በምን ዓይኔ አያለሁ፣ ብቆይ ደግሞ ለአስካለ ማን ይነግራታል። ፈራሁ፣ አልዋሽም፣ አለቀስኩም።

ከዚያ የድንጋይ እርከኑ ላይ ወጣሁና ከመንገዱ ሰው እንዲያየን ብዬ ጋቢዬን ገፍፌ አወናጨፍኩ። እጄ የራሱን ነገር አደረገ፣ ከራስ በላይ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ልክ እንደ ጥጡ ጊዜ። ሃያ እርምጃ ወደ ጎን ቆጠርኩ፣ ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ እንደገና አወናጨፍኩ።

መጀመሪያ የቴርሞሱ ክዳን ድንጋዩ ላይ ተርገፈገፈ። ቀጥሎ የቡናው ቅጠል፣ ንፋሱ ቆሞ ሳለ፣ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዚያ ከጋራው ጀርባ ድምፁ መጣ፣ እናት የልጇን ሳል ከብዙ ልጆች መሃል እንደምትለየው ነው የለየሁት። ብቅ አለ። አፍንጫው ቢጫ ነው፣ ጭራው አረንጓዴ ነው፣ እኔን አነጣጥሯል። በአብራሪው መስታወት ውስጥ አሻግሬ ያየሁት ሰማይ ነው፣ ሰው አላየሁም፣ ምናልባት ፀሐይዋ ይሆናል፣ ፀሐይዋ ናት ብዬ ራሴን አሳምኛለሁ። አናቴ ላይ ሲያልፍ ግራ ክንፉን ቀና ብዬ አየሁ፣ የሱፍ አበባው እዚያው ነው። ሆዱ ተከፈተና ውሃው እንደ ግድግዳ ወረደብን፣ ከእርከኑ ላይ ጠርጎ ጣለኝ። አፌ ጭቃ ሞልቶ ስነሳ እሳቱ የለም፣ ድምፁም የለም፣ ሐጂ ከጆንያቸው ሥር በስብሰው «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ።

እሳት አደጋዎች ከብዙ ጊዜ በኋላ ደረሱ፣ ኩሬውን አይተው ይህን ሁሉ ውሃ ከየት አመጣችሁት አሉን፣ የማደርገውን አጥቼ ከአውሮፕላን አልኩ። ኃላፊው ጋቢዬን አየ፣ ሐጂን አየ፣ ከዚያ ቅጹ ላይ «በአካባቢው ኅብረተሰብ ርብርብ ጠፋ» ብሎ ጻፈ። ኅብረተሰቡ እንግዲህ እኔና ሐጂ ነን፣ ከኅብረተሰቡ ግማሹ ደግሞ ጆንያ ተከናንቦ ተኝቶ ነበር።

አሁን የተቃጠልኩበትን ስሙ። ሐጂ የሞተር ድምፅ የሚባል አልሰማሁም፣ ውሃውን የላኩልን ጋራው ላይ የተቀበሩት የአላህ ወዳጅ ወሊይ ናቸው አሉ። አስካለ ደግሞ የለም፣ እኔ የተሳልኩለት ገብርኤል ነው አለች። ሁለቱ በግድግዳው ላይ ተሳስቀው ተከራክረው ሲያበቁ በአንድ ነገር ተስማሙ፣ እኔ አብጃለሁ። አያችሁት ፍርዱን? ከሦስታችን ምክንያት ያለው ነገር የተናገርኩት እኔ ብቻ ነኝ፣ ብረት አየሁ ነው ያልኩት፣ ፀበል አምጡለት የተባለውም እኔ ነኝ። ድሬዳዋ አየር ማረፊያ የሚሠራ የዘመድ ልጅ ጠየቅሁ፣ እንዲህ ያለ አውሮፕላን ለአንበጣ ይመጣል፣ በሌላው አገር እሳትም ያጠፉበታል፣ በዚያ ቀን ግን ወፍም አልበረረ አለኝ፣ ጋሼ ኪኒኑን ከምግብ በኋላ ይውሰዱ ብሎ መከረኝ።

ዘንድሮ በጋው ገባ፣ ከሐኪም ጋራ ላይ እንደገና ጭስ ተነሳ። በሬ ተንኳኳ፣ ሐጂ ዩስፍ ናቸው፣ ባጃጅ አስቁመዋል፣ ብብታቸው ሥር የታጠበ፣ የተተኮሰ ነጭ አንሶላ አለ። ዓመቱን ሙሉ ሲስቁብኝ የኖሩት ሰውዬ ዓይኔን ሳያዩ «ለማንኛውም» አሉኝ። ሄድን። እሳቱ ሩቅ ነበር፣ የሰፈር ወጣቶች በቅጠል እየደበደቡ ይዘውታል፣ እኛ አላስፈለግንም፣ አንሶላውን ተቀብያቸው እንደታጠፈ ብብቴ ሥር ያዝኩት። አልዘረጋሁትም፣ በወለደችኝ እናቴ እምላለሁ፣ አንድ እጥፉን እንኳ አልፈታሁም።

ድምፁ መጣ። ከጋራው ጀርባ ሆኖ ይዞራል፣ ብቅ አይልም፣ ልጆቹ አንዳቸውም ቀና አላሉም። ሐጂን አየኋቸው፣ ፊታቸው አመድ መስሏል፣ በዚህ ጊዜ ሰምተውታል። ከሥሩ የሠራ ሰው ባዶውንና የሞላውን በድምፁ ይለያል፣ ይኼ ያቃስታል፣ እስከ አፉ ሞልቷል። ሐጂ ክንዴን ያዙና ቀስ ብለው «ታደሰ፣ እኛ ሳንጠራው ምን ጭኖ ነው የመጣው?» አሉኝ።

ያ የቦምብ መስቀያ ትዝ አለኝ። አንሶላውን መሬት ላይ አድርጌ ተቀመጥኩበት፣ እሳቸውም በዚያ ጉልበታቸው ከጎኔ ተቀመጡበት፣ ጫፉን በሽርጣቸው ሸፈኑት። ልጆቹ እሳቱን አጥፍተው እየሳቁ ወረዱ፣ አባቶች ይነሱ እንጂ፣ አልቋል አሉን፣ መንገዱ ጭር አለ፣ ባጃጁ ጡሩምባውን ነፋብን፣ ድምፁ አሁንም ከጋራው ጀርባ ይዞራል። እኛ አልተነሳንም፣ ከተነሳን አንሶላው ይታያላ።