በቀኝ በኩል የተቀመጠው ኩባያ

ተንከባካቢዋ ይርገዱ የመታጠቢያ ሳህኗን ይዛ ስትገባ አዛውንቱ ሽሎሞ አልጋቸው ላይ አፋቸው እንደተከፈተ ሞተው አገኘቻቸው። ሳህኑ ከእጇ ወደቀ። ነርሱ ኦሸር ሮጦ መጣ፣ ሐኪም ተጠራ፣ «ውኃ ሳንባቸው ገብቶ ታፍነው ነው» ተባለ። ወዲያው የጌዴራው አረጋውያን መንከባከቢያ በር ተዘጋ።

ሽሎሞ ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ቀጭን ነገር አይጠጡም ነበር። ውኃም ሻይም ማወፈሪያ ዱቄት ተጨምሮበት በማንኪያ ነው የሚሰጣቸው። ኮመዲኖው ላይ ግን ግማሹ የተጠጣ ተራ ውኃ ያለበት ኩባያ ነበር።

«ይርገዱ ሳሚኽ ማለት ምን እንደሆነ አታውቅም» አለ ኦሸር የርክክቡን ወረቀት እያሳየ። «ጠዋት ፈረቃ ስንረካከብ ነግሬያታለሁ። ይኸው፣ ፈርማለች።»

ፊርማው የይርገዱ ነው። ከቂርያት ማላኪ በአውቶቡስ እየተመላለሰች በሠራችበት ሁለት ዓመት እንዲህ ያለ ወረቀት ስንቱን እንደፈረመች አታውቅም፤ ማንበብ አትችልም። ጠዋት አባቷን ጠይቃ የወጣችው የሽሎሞ ልጅ ታሊ ተጠርታ ስትመለስ «ገደልሽው!» ብላ ጮኸችባት። ይርገዱ ልትመልስ አፏን ስትከፍት የምታውቀው ዕብራይስጥ ሁሉ ጠፋባት። በሩ በቁጥር የሚከፈት ነው፤ መስኮቱ ፍርግርግ አለው። ገና ሳትከሰስ የታሰረች መሰላት።

ከያቭነ ከተማ የፖሊስ መርማሪ መጣች። እልፍነሽ ትባላለች፤ በልጅነቷ ከጎንደር የመጣች፣ ንግግሯ ቁጥብ የሆነ ሴት ናት። አስከሬኑን አየች፣ ከዚያ አጎንብሳ የኩባያውን ውስጠኛ ሥር ደጋግማ አየች። ቀጥሎ ይርገዱን ለብቻዋ አስቀመጠቻት።

«እህቴ፣ በአማርኛ ንገሪኝ። ሳሚኽ ምንድን ነው?»

«ወፍራም ነዋ! ከማንኪያ ላይ እንደ ማር ቀስ ብሎ የሚወርድ። ሲቀጥንባቸው ያስላቸዋል።»

«ሰውየው መናገር ይችሉ ነበር?»

«አይችሉም። የነገርኋቸው ሲገባቸው ጣቴን ይጨብጡኛል።»

«በየትኛው እጃቸው?»

«በግራው። ቀኙ በድን ነው። በቀኝ በኩል ከቆምሁ ጭራሽ አያዩኝም።»

«ዛሬ ወደ እሳቸው ማን ላከሽ?»

«ኦሸር። ሌላ ሴትዮ እያጠብሁ ‹ያላ፣ ቶሎ በይ፣ ተያቸው፣ ሽሎሞን እጠቢ› አለኝ። ተራቸው ገና ነበር።» «ሰው ባላነበበው ወረቀት ይታሰራል ወይ?»

እልፍነሽ ኦሸርን አስጠራች።

«ውኃውን ማን ሰጣቸው?»

«እሷ አስቀምጣላቸው ወጣች። በበሩ ሳልፍ ራሳቸው ከኮመዲኖው አንስተው ሲጠጡ አየሁ። የወፈረ መስሎኝ ዝም አልሁ።»

«ቤሰደር፣ እሺ» አለች እልፍነሽ፣ ጻፈችም።

ከቀትር በኋላ ኦሸርን፣ ታሊን፣ ይርገዱንና ሥራ አስኪያጇን ሲቫንን ምግብ አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ይርገዱም እንድትሰማ እያንዳንዱን ነገር በዕብራይስጥም በአማርኛም ተናገረች።

«ይርገዱ ሳሚኽ የሚለውን ቃል ከማናችንም በተሻለ ታውቀዋለች። ስለዚህ ካለማወቅ የመጣ ነው የሚባለው ውድቅ ነው። ኩባያው የተቀመጠው በቀኛቸው ነው። ሽሎሞ በቀኝ ያለውን አያዩም፤ ቀኝ እጃቸውም አይነሣም። ኦሸር፣ አንስተው ሲጠጡ አየሁ ያልኸው ሊሆን አይችልም። ሰው ነው ያጠጣቸው።»

«ልጃቸውም ጠዋት ነበረች» አለ ኦሸር።

«ነበረች። ኩባያው ውስጥ ከሥሩ ግን ነጭ ዝቃጭ አለ። የተፈጨ ክኒን ነው። የመድኃኒቱ ሣጥን ቁልፍ ያለው ማን ዘንድ ነው?»

ሲቫን ቀስ ብላ ወደ ኦሸር ዞረች። ቁልፉ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ለሠላሳ ሰው መድኃኒት የምሰጠው እኔ ብቻዬን ነበርሁ» አለ ኦሸር። «ውኃውን ማወፈር ጊዜ ይፈጃል። ማሳል ሲጀምሩ ያልፍላቸዋል ብዬ ወጣሁ። ስመለስ... ዝም ብለዋል።»

«ከዚያስ?»

«ይርገዱን ላክኋት።»

ፖሊሶች ኦሸርን ሲወስዱት በሩ ተከፈተ። ይርገዱ ግን በሩን እያየች ወንበሯ ላይ ቀረች። ታሊ መጥታ ፊት ለፊቷ ተንበረከከችና በዕብራይስጥ አንድ ነገር ጠየቀቻት።

«‹አባቴ ሲሞት አጠገቡ ነበርሽ?› ነው የምትልሽ» አለች እልፍነሽ።

ይርገዱ አዎ ብትል ሴትዮዋ ትንሽ እንደምትጽናና ታውቃለች።

«አልነበርሁም በያት። ስደርስ አልፈው ነበር። ብቻቸውን ነበሩ።»

«ልንገራት?»

«ንገሪያት። ዛሬስ በእኔ ስም ሲዋሽ ውሏል፤ ይበቃል።»

እልፍነሽ ነገረቻት። ታሊ የይርገዱን ጉልበት አቅፋ አለቀሰች፤ ይርገዱም አብራት።