ሐረጉ ስር ያለው ካልሲ

«ጓድ አያንቱ! መጥረጊያው ነው አንቺን የደገፈው ወይስ አንቺ እሱን?» አሉ ጋሽ ሚደቅሳ።

በእሑድ ጽዳት ዘመቻ ላይ እሳቸውን የሚያህል አዛዥ ልደታ ውስጥ የለም። ከቀበሌው አዳራሽ ጀርባ ባሉት ሁለት ወይራዎች ስር አንድ ቅጠል ካዩ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ርጋፊው ተጠርጎ ይከመርና ይቃጠላል፤ መሬቱ እንደተላጨ ራስ ይቀራል። የሰፈራችን ኩራት ይኸው ነው።

አያንቱ ሐረግ የተጠመጠመበትን ወይራ ታያለች። ስሩ፣ ርጋፊው ውስጥ፣ የጓደኛዋ የዘኪያ ካልሲ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሳይንስ አስተማሪያቸው አቶ ዱጉማ ተማሪዎቹን ናይለን ካልሲ ውስጥ የመረጡትን ዛፍ ርጋፊ አስሞልተው እዚያው ስሩ አስቀምጠዋል። ቅጠል ሲበሰብስ ካርቦኑ ከፊሉ ወደ አየር ይሄዳል፣ ከፊሉ አፈር ውስጥ ይቀራል፤ አፈሩን የሚያጠቁረውም እሱ ነው ብለዋቸዋል። ካልሲዎቹ ነገ ይከፈታሉ። ውጤቱ ጎልቶ የታየላት ልጅ በትምህርት ቤቱ ኤግዚቢሽን እንግዶች ፊት ቆማ ታስረዳለች።

ዛፍ ቀድማ የመረጠችው አያንቱ ነበረች። ሐረግ የሌለበትን፣ ንጹሑን ወይራ ወሰደች። «አንቺ ያንን ጨብራራ ውሰጂ» ብላ ዘኪያ ላይ ሳቀች። አሁን የሷ የወይራ ቅጠል እንደደረቀ ይንኮሻኮሻል። የዘኪያ ለስላሳ የሐረግ ቅጠል ግን ሟሙቶ አፈር መስሏል። «ሐረግ ዛፉን ይጫነዋል፤ አፈሩን ግን ያበላዋል። ጎበዝ ዘኪያ!» ሲሉ አቶ ዱጉማ ዓርብ ዕለት ካልሲዎቹን ከውጭ ዳብሰው፣ አያንቱ ፊቷን አዞረች። ጎበዝ የምትባለው ሁልጊዜ እሷ አልነበረች?

በየእሑዱ ከጠረጋው በፊት ሁለቱም ካልሲያቸውን አንስተው ኋላ ይመልሱታል፤ ዘኪያ ግን ዛሬ የለችም። የታመመች አክስቷን ልትጠይቅ ሰንጋ ተራ ሄዳለች። «ካልሲዬን አደራ፣ አንቺ አራዳ!» ብላት ነበር የሄደችው።

«የሐረጉንም ስር ጥረጊው እንጂ!»

አያንቱ ጠረገችው። የዘኪያ ካልሲ ከርጋፊው ጋር ተንከባሎ ክምሩ ውስጥ ገባ። ማንም አላየም። ምን አጠፋች? ታዘዘች፣ ጠረገች። ዘመቻ ነው! የራሷን ካልሲ ግን ቀደም ብላ አንስታ አዳራሹ ደረጃ ላይ አስቀምጣለች። ለራስ ሲሆን ማን ይረሳል?

ጋሽ ሚደቅሳ ክብሪት ጫሩ። ርጋፊው እርጥብ ነውና እሳቱ ጠፋ። ደግመው ጫሩ።

«ጋሽ ሚደቅሳ፣ አንዴ ይቆዩ!»

«ምን ጠፋብሽ ደግሞ?»

እጇን እስከ ክርኗ ክምሩ ውስጥ ከተተች። ካልሲውን አወጣችው። እርጥብ ነው፣ ለብ ይላል፣ ዝናብ የጠጣ መሬት ይሸታል። ከሷ ካልሲ በጣም ይሻላል። ያናድዳል!

«የዘኪያ ነው። ለትምህርት ቤት ነው። የሐረጉ ስር ዛሬ ሳይጠረግ ይቅር፣ ይሄም ርጋፊ ይመለስለት።»

«ቆሻሻው?»

«አዎ፣ ቆሻሻው።»

«የዘንድሮ ተማሪ!» አሉና ክብሪታቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

አያንቱ ካልሲውን ሐረጉ ስር መልሳ ርጋፊ በእፍኝ በእፍኝ አለበሰችው። ከዚያ ለንቦጯን እንደጣለች መጥረጊያዋን አንስታ ዙሪያውን ብቻ መጥረግ ጀመረች።