ግመል ያከለችው ዶሮ

ሙስዐብ ጣቱን መስመሩ ላይ እየጎተተ ስለ ዶሮዋ ያነባል። ዶሮዋ ሦስት እንቁላል ጣለች፤ ሁለቱ ተፈለፈሉ፤ አንዱ ተሰበረ። ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ አንድ ቃል አላደናቀፈውም። ችግሩ ሁለት ገጽ አንድ ላይ መግለጡ ነው። ከጣቱ በላይ የተሳለው ግመል ነው።

አባቱ እንድሪስ ከሰንበቴ የከብት ገበያ ተመልሶ ገና መቀመጡ ነው። አንገቱን አስግጎ ሥዕሉን አየና ሳቀ።

«ማሻአላህ! ይችን የምታክል ዶሮ ሰንበቴም አላየሁ። እስቲ ይችን ቃል ብቻ አንብብልኝ።»

ሙስዐብ ወደ ገጹ ጎንበስ አለ። ጣቱ ወደ ቀኝ ጫፍ ሄደ፣ ተመለሰ፣ መሃል ላይ ቆመ።

በሩ አጠገብ ልብስ የምታጣጥፈው እህቱ ፈይሩዝ ማጠፏን ትታ ቀና አለች። እሷ ስምንተኛ ክፍል ናት፤ ታናሽ ወንድሟ ሁለተኛ። ከመስከረም ጀምሮ በየጠዋቱ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ባጃጅ ተራው አጠገብ ያለው ግንድ ላይ ቁጭ ይሉና የዕለቱን ገጽ ሦስቴ ታነብለታለች። ሦስቴ ይበቃዋል። ክፍል ገብቶ በቃሉ ይወጣዋል። የክፍሉ አስተማሪ ቲቸር ዓዲላ «ቤት ያነባል?» ብላ ስትጠይቃት «በደንብ» ያለችውም እሷው ናት። ደስ ብሏት ነበር፤ ማንም አልሳቀበትማ።

«ገባኝ» አለ እንድሪስ፣ ሳቁን ትቶ። «ቁርአን ቤት ከቀኝ ይጀምራሉ፣ ትምህርት ቤት ከግራ። ልጁ ተምታታበት። ቁርአን ቤቱን ለጊዜው ይተው። ትምህርቱ ሲረጋለት ይመለሳል፣ ኢንሻአላህ።»

ሙስዐብ አላለቀሰም። መጽሐፉን ከድኖ ወደ ጓሮ ወጣ። ፈይሩዝ ልብሱን አስቀምጣ ተነሳች። ያ ልጅ ደረቱን ነፍቶ የሚገባበት ቦታ ቢኖር ቁርአን ቤት ብቻ ነው። ኡስታዙ ትልልቆቹን ሳይቀር እሱን ተከትለው ቁርአን እንዲቀሩ ያደርጋቸዋል።

ተከትላው ስትወጣ የቁርአን ሰሌዳውን ታቅፎ አገኘችው።

«ሙስዬ፣ ኮቱ፣ ና። የዛሬውን ቅራልኝ።»

ቀራላት። ሰሌዳውን በሻሿ ሸፈነችበት፤ አሁንም አንድ ሳይስት ቀራ። ገለጠችና መሃል ላይ አንድ ቃል አመለከተችው።

«ይችስ?»

ራሱን ነቀነቀ። «እቴ፣ ትናንት ያወቅኋት ፊደል ዛሬ አታውቀኝም። ሰነፍ ነኝ እንዴ?»

«ሰነፍ ሦስቴ ሰምቶ ገጽ ሙሉ አይዝም። ወላሂ፣ እኔ ራሴ አልችልም።» አጠገቡ ተቀመጠች። «ለአባ ልንገረው?»

«ለማንም አልነግርም ብለሻል።»

«ብያለሁ። ካልነገርኩት ግን ቁርአን ቤት ይቀርብሃል።»

መሬቱን በጣቱ ሲጭር ቆየ። «ቲቸርስ ትስቅብኛለች?»

«አላውቅም። ብቻ አብሬህ እገባለሁ።»

ጭሮ ጭሮ ሲያበቃ «እሺ» አላት።

አባቷ መግሪብ ሰግዶ እስኪጨርስ ጠበቀች። 

«አባ፣ ቁርአን ቤቱ አይደለም። ከቀኝም ከግራም አያነብም። የሚይዘው በጆሮው ነው። የማነብለት እኔ ነኝ። ያነባል ስል የኖርኩት ውሸቴን ነው።»

እንድሪስ መስገጃውን አጠፈ፣ ዘረጋ፣ እንደገና አጠፈ። ቁጣ ስትጠብቅ «እኔ አራተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩት ለምን ይመስልሻል?» አላት ቀስ ብሎ። መስገጃውን ቦታው አኖረ። «ቁርአን ቤቱን አይተውም። ቲቸሯን ግን አንቺው ንገሪያት።»

በነጋታው ግንዱ ጋ ሲደርሱ ሙስዐብ እንደ ልማዱ ቁጭ አለና መጽሐፉን አውጥቶ ሰጣት። ፈይሩዝ ተቀበለችው፤ አልገለጠችውም። ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ እጇን ዘረጋችለት።

«ተነስ» አለችው። «ዛሬ ከደወሉ በፊት ቲቸር ጋ እንግባ።»