ያልተነቃነቀው ጠቋሚ

የሰውን ሙያ የሚንቅ የናቀውን ለመማር አይደክምም፤ በመጨረሻም ባልተማረው ነገር ይያዛል። በጄኔቭ የሆነው ይህ ነገር ለዚህ ምስክር ነው።

የአየር እርጥበት መለኪያ ሠሪው ኦዜ ሬቪዮ በገዛ መዶሻው ተመትቶ በሥራ ቤቱ ወለል ላይ ሞቶ ተገኘ። የከተማው መርማሪ ጋስፓር ዲቮን ሲደርስ የሟቹ ረዳት ዤዴዮን ታስሮ ነበር፤ እውነተኛው ገዳይ ካልተገኘ የሚጠብቀው የስቅላት ገመድ ነው።

«ምን ምርመራ ያስፈልጋል?» አለ ሙሴ ፊሊቤር። ስለ አየር ጠባይ መጽሐፍ ጽፎ፣ ደመና ሳይቀር ፈቃድ እንዲጠይቀው የሚዳዳው፣ ፀጉሩን የብርቱካን አበባ በሚሸት ቅባትና በዱቄት የካበ ሊቅ ነው። «ማለዳ ጎራ ብዬ ነበር። ኦዜ መለኪያውን በብርጭቆው ክዳን ሲከድን አይቼ ወጣሁ። ከዚያ የገባው ይህ ባለጌ ብቻ ነው።»

«እኔ ስገባማ ወድቀው ነው ያገኘኋቸው» አለ ዤዴዮን።

«ዝም በል አንተ!» ሲል ፊሊቤር ጮኸበት።

ዲቮን ወደ ጠረጴዛው ቀረበ። ከውስጥ በኩል ውሃ የተረጨ የብርጭቆ ክዳን፣ በውስጡም መለኪያው ቆሟል፤ በናስ ክፈፉ ላይ ከጠቋሚው ጋር የተያያዘ አንድ የሰው ፀጉር ተወጥሯል። ክዳኑን አንሥቶ እጁን ሲዘረጋ የሟቹ ሚስት ዩዲት ከለከለችው።

«ፀጉሩን እንዳይነኩት ጌታዬ፤ በናሱ ይያዙት። ባሌ ቅባቱ እስኪለቅ በአመድ ውሃ ቀቅሎ ነው የሚወጥረው። ከዚያ ወዲያ ጣት ያሳረፈበትን ከደጅ ያባርራል።»

«ጣት ቢያርፍበትስ?»

«ቅባት የነካው ፀጉር እርጥበት አይጠጣም፤ አይረዝምም። ጠቋሚውም አይሄድም።»

«ባልዎ ከሙሴ ፊሊቤር ጋር ይስማሙ ነበር?»

«ባሌ በነገው የሊቃውንት ጉባኤ፣ በዚሁ መለኪያ፣ የመጽሐፋቸውን ስሕተት ሊያሳይ ነበር። እሳቸው ግን ‹ናስ ቀጥቃጭ ሊያርመኝ?› ብለው ሳቁበት።»

ዲቮን ፀጉሩን በስስ ወረቀት ቆንጠጥ አድርጎ ለቀቀና ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣ። ከዚያም ሁሉንም ጠራ።

«ጠቋሚውን እዩት። ማለዳ በዚህ ሁሉ ውሃ መካከል የተከደነ መለኪያ እስካሁን ከእርጥበቱ ጫፍ መድረስ ነበረበት። ከድርቀቱ ጫፍ ግን ፈቀቅ አላለም። ፀጉሩ ተነክቷል፤ ቅባቱም በዚህ ወረቀት ላይ ታትሟል። ኦዜ አይነካውም፤ ዤዴዮንም ሕጉን ያውቃል። ስለዚህ የከደነው ሙያውን የማያውቅ ሰው ነው።»

«ወይ ጉድ! ፀጉር ምስክር ሆነ?» ሲል ፊሊቤር ተሣለቀ።

«ወረቀቱን ያሽትቱት፤ የብርቱካን አበባ ይሸታል። ከመካከላችን በብርቱካን አበባ ቅባት የሚቀባ ማን ነው? ኦዜ ሲከድን አየሁ ብለዋል፤ እሱ ግን አልከደነም። ገድለውት ሲያበቁ፣ በሥራ ላይ ትቼው ወጣሁ ለማለት የከደኑት እርስዎ ነዎት።»

«አንድ ቀጥቃጭ በጉባኤ ፊት መሣቂያ ሊያደርገኝ ነበር እኮ» አለ ፊሊቤር፤ ይህ ብቻ በቂ ምክንያት የሆነ ይመስል።

ዤዴዮን በዚያው ዕለት ተፈታ። ፊሊቤር ሞት ተፈርዶበት፣ ከከተማው ቅጥር ውጭ፣ በሕዝብ ፊት ተሰቀለ።